በአንድ ጆሮ የሰማሁት

ወንድሜ ያን ሙዚቃ መጀመሪያ ያሰማኝ ቀን፣ ወፍጮ ነው አልሁት።

ደባርቅ ውስጥ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው፤ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። የገበያ ቀን ነበር። እናታችን የላከችለትን በሶ ይዤ ገባሁ። ወንድሜ ትንሿን ብሎን መፍቻ በጥርሱ ይዞ የአንዱን ስልክ ሆድ ዕቃ እያየ ነበር። ቀና ሳይል በክርኑ በርጩማውን ገፋልኝ። ሥራውን ሲጨርስ ኢርፎኑን ከአንገቱ አወጣና በሁለቱም ጆሮዬ ሰካልኝ፤ ከዚያ የራሱን ስልክ ነካ።

ድም፣ ድም፣ ድም። ዘፋኝ የለው፣ ማሲንቆ የለው፣ ክራር የለው። ትንሽ ጠበቅሁ። አሁንም ድም፣ ድም። አንደኛውን ከጆሮዬ ነቀልሁት።

«ምን ሰማህ?» አለኝ።

«ወፍጮ።»

«የት ያለው ወፍጮ?»

«ዳባት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው። እህል ሲያልቅበት እንዲህ ነው የሚለው።»

በር ላይ ስልኩ እስኪሠራለት የሚጠብቅ አንድ ባለበቅሎ ነበር፤ ቱሪስቶች ወደ ተራራው ሲወጡ ዕቃቸውን የሚጭን ሰው ነው። «ልጁ እውነቱን ነው» አለ። «እኔንም አሰምቶኛል። የጎደለው ዱቄቱ ብቻ ነው።»

ወንድሜም ሳቀ። ኢርፎኑን ተቀብሎኝ ጠቀለለው። ስወጣ ግን እስከ በሩ ተከትሎኝ መጣና «አልሰማኸውም» አለኝ።

«ሰማሁት እንጂ።»

«አልሰማኸውም አልሁህ። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ።»

በስምንተኛው ቀን ሞተ። አዲ አርቃይ ሥራ ተገኝቶለት ወርዶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት መኪና ሊማሊሞ ላይ ከመንገድ ወጣ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «ስትለያዩ ምን ብሎህ ነበር?» ይለኛል። ሰው የሟችን የመጨረሻ ቃል መስማት ይወዳል። «ደህና ሁን ብሎኝ ነበር» እላለሁ። ያለኝ ግን «አልሰማኸውም» ነው። ይህን ለማን እናገረዋለሁ? እንዲህ ብሎኝ ከሄደ፣ መስማት አለብኝ አልሁ። ወንድሜ በዚያ ወፍጮ ውስጥ ምን እንደሰማ ካላወቅሁ፣ የመጨረሻው ቃሉ በእኔ ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። አባታችን የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። እኔና ወንድሜ ፊደል ከእሳቸው ስለተማርን፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር «የኔታ» ማለት ለምደን እቤትም በዚያው ቀረን። አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። በደብሩ ግራ ጌታ ናቸው። በማሕሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ሁለት ወገን ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል፤ የግራውን ወገን የሚያስቆሙት የኔታ ናቸው።

ወንድሜ ዜማ ጥሩ ጀምሮ ነበር። ድምፁም መልካም ነበር። ችኩል ነው እንጂ። የኔታ «ድገም» ሲሉት ይደግማል፤ ሲደግም ግን ከመጀመሪያው ይብስ ይፈጥናል። በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ደግሞ ስልክ መጠገን ተማረና ደባርቅ ቀረ። የኔታ አልተቆጡትም። «የጀመርኸውን ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለህ» ብቻ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ሲገናኙ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ነበር የሚያወሩት።

ስልኩን ያመጣልን የሱቁ ጎረቤት ነው። ወንድሜ ያን ቀን ስልኩን ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ነበር የሄደው። ሰውየው በሰልስቱ መጣና ስልኩንና ኢርፎኑን በመሐረብ ጠቅልሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ መሐረቡን ከነጭራሹ አልፈታችውም። የኔታ «አንተ ያዘው» አሉኝ።

ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ሬዲዮናችን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በነጠላ ተሸፍኗል፤ እስከ ሙት ዓመቱ እንደዚያው ይቆያል። ስለዚህ የወንድሜን ስልክ ከፍቼ ሙዚቃዎቹን ሳገኝ እንደ ሌባ ነበር የሆንሁት። ብዙ ናቸው። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈባቸው። አንድ ፈረንጅ ተራራው ላይ ዝናብ የገባበትን ስልክ ወንድሜ አድኖለት፣ ያለውን ሁሉ ገልብጦለት እንደሄደ አውቅ ነበር። «ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው የሚባል» ብሎኛል ያኔ። «መብራት ነው የሚዘፍነው?» ብዬ ስቄበታለሁ።

ዘፈን አይደለም፣ ቃል የለው፣ ቢሰማ ምን ኃጢአት አለው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ቦታዬ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ነበር። የቤቱ ታናሽ ስለሆንሁ ለቅሶ ደራሽ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። በእኛ አገር ለቀብሩ ያልደረሰ ሰው ወሩን ሙሉ ይመጣል። ከአምባራስና ከአምቢኮ ያሉ ዘመዶቻችን ወሬውን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ ተራራውን አቋርጠው ይመጣሉ። ከጠመዝማዛው መንገድ ላይ ማልቀስ ይጀምራሉ። ያን ድምፅ እንደሰማሁ ለእናቴ መንገር አለብኝ፤ ሁላችንም ተነሥተን ደጅ እንወጣለን፤ ልቅሶው አዲስ ይሆናል። ለቅሶ ደራሽ የሚቀበለው ሳያገኝ ደጅ ከደረሰ ነውር ነው። እናም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሽቦውን በጋቢው ሥር አሳልፌ፣ ኢርፎኑን በቀኝ ጆሮዬ ብቻ እሰካለሁ። ግራ ጆሮዬ የመንገዱ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ወፍጮ ነበር። ሁለተኛውንም ቀን ወፍጮ። በሦስተኛው ቀን ይሆናል፣ አንድ ነገር ልብ አልሁ። ወፍጮው መጀመሪያ እንደነበረው አይደለም። ላዩ ላይ ጤፍ በወንፊት እንደሚነፋ ያለ ነገር ሻ፣ ሻ ይላል። መቼ ገባ? ወደ ኋላ መለስሁት። መጀመሪያ የለም። ድም፣ ድም። የለም። የለም። ከዚያ አለ። የገባበትን ቦታ ግን አላገኘሁትም። እንደገና መለስሁት። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ።

እኛ ዘንድ ጉም ከገደሉ ሥር የሚነሣው እንዲህ ነው። ሸለቆውን ታየዋለህ፤ ጥርት ብሏል። ዞር ብለህ በግ ትመልሳለህ። ስትመለስ ሸለቆው የለም። ሲመጣ ያየው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ይህ ሆነ፤ የሚገባውን ሲገባ መያዝ። አንዳንዱን ያዝሁት፤ አብዛኛው አመለጠኝ። አሥር ደቂቃ የሚረዝም አንድ አለ፤ እስከ አምስተኛው ደቂቃ ድረስ ምንም የሚያደርግ አይመስልም። ሰባተኛው ላይ፣ እንዴት ልበለው፣ ከሥሩ የነበረው ድምታ ድንገት ተወ። የቆምሁበት መሬት የሄደ መሰለኝ፤ የተቀመጥሁት ግን መደቡ ላይ ነው። ጥቂት ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ተነሣ። ማን እንደሠራው አላውቅም። ከየት አገር እንደሆነም አላውቅም። ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ሁሉ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ «የሱ ፈቃድ ነው» ይላል፤ ደግ ቃል ነው፣ አልጠላሁትም። ይህ ሰው ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሐዘን መደብ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። አያውቀኝም እኮ። እንዴት አገኘኝ?

አንድ ማለዳ ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ይህ የሙዚቃ አካሄድ እንግዳዬ አልነበረም። በማሕሌት መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቁም ነው የሚባለው፤ ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው መወዛወዝ ይጀምራል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮ ይገባል። መጨረሻ ላይ ጽፋት ነው፤ ጭብጨባው ይጨመራል፣ ይፈጥናል። አንዱን ነገር ደጋግሞ፣ በየዙሩ አንድ እየጨመረ። ያ ፈረንጅ የተወውም ሙዚቃ እንዲሁ ነው የሚሄደው። አንድ ናቸው አልልም፤ አንደኛው ጸሎት ነው። የኔታ በዚህ እንዲያዝኑብኝ አልፈልግም። ግን ወንድሜ ለምን እንደወደደው በዚያ ማለዳ ጥቂት የገባኝ መሰለኝ። ስንት ዓመት ሌሊት ሌሊት ቆሞ የሰማውን ነው መልሶ የሰማ።

የራሱን ሥራ ያገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለብቻው ተቀምጦ ነበር፤ «የመጀመሪያ» ብሎ በአማርኛ ጽፎበታል። ወንድሜ በስልኩ ሙዚቃ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ከፈትሁት። ድም፣ ድም፣ ድም።

ሱቁ ውስጥ ያሰማኝ ያ ነው።

የሰው ሙዚቃ መስሎኝ ነበር። የኔ ነው አላለኝም። እኔ ደግሞ ዳባት ስላለው ወፍጮ ነገርሁት፣ ባለበቅሎውን አስቄበት ወጣሁ። ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት።

አራት ደቂቃ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ድምታው ብቻ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ከፍ ብሎ ይጣራል፤ የሰው አይደለም፣ ከስልኩ የተሠራ ነው። ይጣራና ዝም ይላል። ድምታው ብቻ ይሄዳል። እንደገና ይጣራል። እንደገና ዝም። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ምስኪን ነው። ባዶው ብዙ ነው። በኋላ ሊሞላው ትቶት ሞት ቀደመው ብዬ አሰብሁ። በቀን በቀን እሰማዋለሁ፤ ያ ዝምታ ሲደርስ ምቱን እቆጥራለሁ። የኔታ ያሉትም ትዝ ይለኛል። የጀመርኸውን ሳትጨርስ።

ሠላሳኛው ቀን ግድም ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጓሮ ነበረች። የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና አጠገቤ ተቀመጡ። ሲመጡ አላየኋቸውም ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬ ተይዟል፣ እሳቸው ደግሞ የመጡት በጓሮ በኩል ነው።

«ያ ሽቦ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ዋሽቼ አላውቅም። «የወንድሜ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«ምን ትሰማበታለህ?»

«የሠራውን።»

«ማን የሠራውን?»

«እሱ የሠራውን። ሙዚቃ ነው።»

ቁጣ ጠበቅሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ቃል አለው?» አሉ።

«የለውም።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

በሕፃንነቴ ፊታቸው ቆሜ ዜማ እንደሚጠፋኝ፣ እንደዚያው ጠፋኝ። በጣቴ መደቡን መታሁ፤ ድም፣ ድም። አፌን ከፈት አድርጌ የሚጣራውን እንደምንም አወጣሁት። ከዚያ ዝም ብዬ በጣቴ ብቻ ቀጠልሁ። እንደገና ተጣራሁ። እንደገና ዝም።

«እመሃሉ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም። አልጨረሰውም።»

«ስንት ምት ነው ዝምታው?»

ቆጥሬው ነበር። «ስምንት።»

«ሁልጊዜ ስምንት?»

«ሁልጊዜ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልተጨረሰ ነገር አንዴ ሰባት ነው፣ አንዴ አሥር ነው። ይህ የተሰፈረ ነው። ቀኙ መርቶ ሲያበቃ ዝም የሚለው ለምንድን ነው?»

«ግራው እንዲቀበል።»

«ግራው የት ሄደ?»

ያኔ ዓይናቸው ደረቴ ላይ ወረደ፤ ሌላኛው የኢርፎን ራስ ተንጠልጥሎ ነበር። በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይኸኛውስ ለምን ተሰቀለ?»

«የግራው ጆሮ ነው። ለቅሶ ደራሽ እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ሊስቁ ነው ብል ይቀላል። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ወሩን ሙሉ የቀኝ ወገን ብቻ አቁመህ ከረምህ?»

ግራውን ልሰካው ስል ከጠመዝማዛው ልቅሶ ተሰማ። የአምቢኮ ሰዎች ናቸው። ኢርፎኑን ከጋቢዬ ሥር ሸሸግሁና ተነሣሁ።

በማግስቱ እናቴ የወንድሜን የኪራይ ቤት ባዶ እንዳደርግ ደባርቅ ላከችኝ። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ፍራሽ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ እናቴ በሶውን የላከችበት የቆዳ ቀንበታ፣ ባዶውን። ቤት አከራይዋ ፍራሹን በገመድ እያሰረችልኝ «ዕቃ መሬት ሲወድቅ ‹ይህ ድምፅ ጥሩ ነው› ይል ነበር» አለችኝ። «ሰው እንዴት ሰባራ ድስት ጥሩ ነው ይላል?» አለቀሰች፤ ቀጥላ ደግሞ ገመዱ እንዳይላላ እጄን ይዛ አሳየችኝ።

ፍራሹን እሷ ዘንድ አቆየሁና ከከተማው ወጥቼ በእግሬ ሄድሁ፤ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ መውረድ እስከሚጀምርበት ድረስ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ቆሜ አላውቅም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ገደሉ ሥር መኪኖቹ ጥንዚዛ አክለው ይጠማዘዛሉ። እዚህ የምጠብቀው ለቅሶ ደራሽ የለም። ቀኙን ሰካሁ። ግራውን ሰካሁ።

ድም፣ ድም አለ፤ ግን አሁን ከጆሮዬ ላይ አይደለም፤ እራሴ መሃል ነው። እራሴ ውስጥ ይህን ያህል ስፍራ እንዳለ አላውቅም ነበር። ቀጭኑ ድምፅ ከቀኝ ተጣራ። ዝም አለ።

ከግራ የኔታ ተቀበሉ።

አዎ፣ እሳቸው ናቸው። ቃል የለውም። የአንድ ዜማ መጨረሻ ላይ ድምፅ የሚጎተትበት፣ ቃሉ አልቆ ትንፋሹ ብቻ የሚቀርበት ቦታ አለ፤ ያችን ብቻ ነው የቆረጣት። እቤት ብቻቸውን ሲያዜሙ ቀድቷቸው ይሆናል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ድምፃቸው ከመነሣቱ በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉባት ትንሽ ሳል እንኳ አለች፤ አላወጣትም። ስምንት ምት፣ ልክ። ከዚያ ከቀኝ እሱ። ከዚያ ከግራ የኔታ።

ወንድሜ ራሱን በቀኝ አቁሞ አባቱን በግራ አቁሟቸዋል፤ በደብሩ በሚቆሙበት። ሁለት ዓመት ስለ ዝናብ ሲያወሩ፣ እዚህ ውስጥ ሲጠራሩ ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከግራ ከበሮ የመሰለ ነገር ገባ። የግራው ድምፅ እየቆየ ወደ ቀኙ ቀረበ። መጨረሻው ግድም ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ተነሡ፤ ቀኝና ግራው ጠፋኝ፤ ከፊቴ ያለው ገደል ሁሉ የሚያዜም መሰለኝ። አንድ ንሥር ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከበላዬ አለፈ፤ ጥላው በእግሬ ላይ ሄደ። ሙዚቃው ቆመ። ነፋስ ብቻ ቀረ።

ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ኋላ ሌሎቹንም ጀመርሁ። ሁሉንም ግማሹን ነበር የሰማሁት። ያ ወንፊት ያልሁት ሻ ሻ ከቀኝ ተነሥቶ በግንባሬ ላይ አልፎ ወደ ግራ ይሻገራል፤ ሰው ቤት ውስጥ እንደሚመላለስ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጸጥ አለ ያልሁት ጸጥ አላለም፤ በግራ በኩል አንድ የሚያንሾካሽክ ነገር ቀርቶ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ጓደኞቼ እንደ እኔ መስማት ፈልገው «ከየትኛው ልጀምር?» ይሉኛል። ከየትኛውም ጀምሩ እላለሁ። ሁለቱንም ጆሮ ስጡት፤ መቼ ገባ እያላችሁ ጠብቁት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ፈራሁ። ወንድሜ የኔታን ሳያስፈቅድ ድምፃቸውን ወስዷል። የዜማ ትንፋሽ ነው፤ ጨዋታ አይደለም። ድምታ ውስጥ አስገብቶታል። ቢነግረኝ ኖሮ ይላሉ? ደፈረኝ ይላሉ? በሞተ ልጅ ላይ ቂም ቢገባስ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ እሱ የጠራቸው እንደጠራ ይቀራል። አርባው እስኪያልፍ ዝም አልሁ።

በአርባው ተዝካሩ ተደረገ፤ ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ዳሱ ፈረሰ። በማግስቱ ከሰዓት ቤቱ ጭር አለ። የኔታ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ግራውን አገኘኸው?» አሉኝ። ረስተውታል ብዬ ነበር።

«አገኘሁት፣ የኔታ።»

«ማን ነው?»

ኢርፎኑን አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝሁላቸው። አዩት። ጥምጣማቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የቀኙን በቀኝ፣ የግራውን በግራ፣ ሳልሳሳት ሰካሁላቸው። ከፈትሁት።

እኔ ምንም አልሰማም። እጃቸውን ነበር የማየው። መጀመሪያ ጉልበታቸው ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ጥቂት ቆይቶ አንጓቸው መቋሚያ እንደያዘ ሰው ወደዚህ ወደዚያ ማለት ጀመረ። ሙዚቃው የት እንደደረሰ በእጃቸው አወቅሁ። አሁን ይጣራል፣ አልሁ በልቤ። አሁን ዝም ይላል። አሁን።

እጃቸው ቆመ። አንጓቸው እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው ከመንገዱ ላይ አልተነሣም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ትንሿን ሳል፣ ልክ እዚያ ውስጥ እንዳለችው። ስንት ዙር እንደሆነ እንጃ፣ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ወረደና በጣታቸው መደቡን መምታት ጀመሩ። ከበሮው መግባቱ ነው።

«ቸኮለ» አሉ።

ጆሮው የተደፈነ ሰው ጮኾ ነው የሚናገር። እናቴ ከጓዳ ደንግጣ ብቅ አለች፤ «ማነው የመጣው?» አለች። በእጄ ጸጥ እንድትል አሳየኋት። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ምኑ ላይ?» አልኋቸው፤ አልሰሙኝም።

«መረግዱ ላይ ቸኮለ» አሉ፣ አሁንም ጮኸው፣ ለማንም ሳይሆን። «ከዝማሜው ገና ሳይጠግብ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ነግሬዋለሁ።»

ጣታቸው እስከ መጨረሻው መታ። ሲያልቅ አወቅሁ፤ ጣታቸው አንዴ ብቻውን መታና ቆመ። ኢርፎኑን የሚያወልቁ መሰለኝና እጄን ዘረጋሁ። አላወለቁትም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ያን የተማሪ ቤት ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ወንድሜም እናውቀዋለን።

«ድገመው» አሉ።

ስልኩን ነካሁት። ከዚያ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ተቀመጥሁና፣ በሁለቱም ጆሮዬ መንገዱን ጠበቅሁላቸው።